ያልፈረመ ልጅ ይጠየቃል? ስለ ተሰበረ የባጃጅ መስታወትና ስለ ማኅበራዊ ውል

ከጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ የደረሰን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «የወንድሜ ልጅ 13 ዓመቱ ነው። ከአንድ የ16 ዓመት የጎረቤት ልጅ ጋር ሆኖ፣ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር በሚያልፉ ባጃጆች ላይ ድንጋይ ሲወረውሩ የአንዱን የፊት መስታወት ሰበሩ። ሹፌሩ እጁ ተቆርጦ ተሰፋ። ሰውየው ፖሊስ ጋ ሊሄድ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ስለ ማኅበራዊ ውል፣ ማለትም ሰዎች ለመንግሥትና ለሕግ የሚገዙት ተስማምተው ነው ስለሚለው ሐሳብ፣ ተምሬያለሁ። ልጅ ውሉን አልፈረመም፣ አይመርጥም፣ ስለዚህ ሕግ ሊጠይቀው አይገባም እላለሁ። ወንድሜ "ገርፌዋለሁ፣ አለቀ፤ አንድ ሳንቲም አልከፍልም" ይላል። እናታችን ደግሞ ሽማግሌ ልከን ነገሩን እንዝጋው ትላለች። ማናችን ነን ልክ?»

ከሦስታችሁ ወደ መልሱ የቀረቡት እናትዎ ናቸው። እሳቸውም ቢሆኑ አንድ ነገር ቀርቷቸዋል። እርስዎና ወንድምዎ ግን ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን አንድ ላይ ጨፍልቃችኋል። ልጁ ያደረገው ነገር ጥፋት ነው ወይ? መንግሥት ሊቀጣው ይችላል ወይ? ኪሣራውን ማን ይከፍላል? ለሦስቱም መልሱ በተለያየ ዕድሜ ይለወጣል። ለ13 ዓመት ልጅ ባጭሩ፦ ጥፋት ነው፤ ፍርድ ቤት ሊያየው ይችላል፣ ግን እንደ አዋቂ አይደለም፤ ካሣውን የሚከፍለው ደግሞ አባቱ ነው።

ከእርስዎ ክርክር ልጀምር። የፈረመ ብቻ ይጠየቅ ከተባለ ጎንደር ውስጥ ማንም አይጠየቅም። እርስዎም አልፈረሙም፣ እኔም አልፈረምኩም። ይህንን የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1748 አንስቶ ነበር። መንግሥታት የቆሙት ሰው ሁሉ ተሰብስቦ በተስማማበት ውል አይደለም አለ። ከዚያ ወዲህ ስለ ማኅበራዊ ውል የሚጽፉ አብዛኞቹ ሰዎች ውሉን እንደ ወረቀት አያዩትም። «አስተዋይ ሰዎች በእኩልነት ቢቀመጡ በየትኛው ደንብ ይስማሙ ነበር?» ብለው መጠየቂያ መንገድ አድርገውታል።

የመምረጥ መብት ክርክሩም አይጠቅምዎትም። ፋሲል ግንብን ሊጎበኝ የመጣ የውጭ ዜጋ እዚህ አይመርጥም። ኪስ ቢያወልቅ ግን በኢትዮጵያ ሕግ ይጠየቃል። መምረጥና ለሕግ መገዛት የሚነካኩ ነገሮች ናቸው፣ አንዱ የሌላው ዋጋ ግን አይደለም።

እርግጥ ነው፣ ለእርስዎ ሐሳብ የሚቀርብ ከባድ ሰው አለ። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ቶማስ ሆብስ እ.ኤ.አ. በ1651 በልጆችና በአእምሮ ሕሙማን ላይ ሕግ የለም ብሎ ጽፏል። ምክንያቱን ግን ይመልከቱ። ሕግ ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዝ ደግሞ ሊሰማውና ሊረዳው ለሚችል ሰው ነው የሚሰጠው። ሆብስ የጠየቀው «ይገባዋል ወይ?» ብሎ ነው። የ13 ዓመት ልጅ ድንጋይ መስታወት እንደሚሰብር ይገባዋል። የወረወረውም ለዚያው ነው።

ለእኔ ከሁሉም የሚሻለው ሌላው እንግሊዛዊ ፈላስፋ ጆን ሎክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1689 ባሳተመው ሥራው፣ ልጆች የሚወለዱት ሙሉ እኩልነት ውስጥ ሆነው ሳይሆን ወደዚያ እኩልነት ሊደርሱ ነው ይላል። የወላጅ ሥልጣንም የሚመጣው ከመውለድ ሳይሆን ከማሳደግ ግዴታ ነው። ልጁ ነገር እየለየ ሲሄድ ሥልጣኑ እያነሰ ይሄዳል። ለእኛ ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ሲጠመቁ ሕፃኑ አፍ የለውም፤ ቃል የሚገባለት የክርስትና አባቱ ነው። ሕፃኑ ያልተናገረውን ቃል ማኅበረሰቡ ይዞ ይቆይለታል፣ ሲያድግ ራሱ ይረከበዋል። እስከዚያው ግን ከማኅበሩ ውጭ ነው የሚል የለም። ከጥበቃው ቀድሞ ይካፈላል፣ ግዴታው ቀስ እያለ ይመጣበታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ልጅን ከሙሉ ቅጣት የምናስጥለው ከውሉ ውጭ ስለሆነ አይደለም። ውጭ ቢሆንማ ማንም እንደፈለገ ሊያደርገው ነው። የምናስጥለው ውሉ ለእሱ ዕዳ ስላለበት ነው። እስኪበስል መጠበቅ፣ ማስተማር፣ ሲሳሳት የመመለሻ መንገድ መተው የአዋቂዎቹ ድርሻ ነው። «አልፈረመም» የሚለውን ክርክር እስከ መጨረሻው ቢገፉት ልጁን ከቅጣት ብቻ ሳይሆን ከጥበቃም ያወጣዋል። ለወንድምዎ ልጅ ይህንን እንደማይፈልጉለት እገምታለሁ።

ሌላም አለ። ሎክ ራሱ ማንም ሰው የሌላውን ሕይወት፣ ጤና፣ ነፃነትና ንብረት እንዳይጎዳ የሚከለክለው ሕግ ከመንግሥትም ከውልም በፊት ያለ ነው ይላል። ሹፌሩ እጁ የተቆረጠው ከሕገ መንግሥቱ በፊት በነበረ ዘመን ቢሆን ኖሮም ተበድሏል እንል ነበር።

ታዲያ ልጁ በሥነ ምግባር ምን ያህል ይጠየቃል? የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ጥናት ትንንሽ ልጆች ጥፋትን በጉዳቱ መጠን እንደሚመዝኑ አሳየ። ሳያውቅ ብዙ ኩባያ የሰበረውን፣ ሳይፈቀድለት ማርማላታ ሊወስድ ሲሞክር አንድ ከሰበረው ይልቅ ጥፋተኛ ያደርጉታል። እያደጉ ሲሄዱ ሐሳቡን ማየት ይጀምራሉ። ስለዚህ 13 ዓመት የሞላው ልጅ በስህተትና በሆን ብሎ መካከል ያለውን ልዩነት ያውቃል። የሚጎድለው ሌላ ነው። በዚህ ዕድሜ ልክና ስህተቱን ማወቅ ቀድሞ ይደርሳል፣ ራስን መግታት ግን ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ጓደኛ አጠገብ ሲቆም ደግሞ ይብሳል። የአንጎላችን የፊት ክፍል፣ ቆም ብሎ ማሰብን የሚመራው፣ ከ20 ዓመት በኋላም መብሰሉን አይጨርስም። ይህ ጥፋቱን አያጠፋውም፣ ያቀለዋል እንጂ። እዚህ ላይ የ16 ዓመቱ ጓደኛ መኖር ትልቅ ነገር ነው። ማን ጀመረ፣ ማን አሳየ፣ ማን «አትፈራም እንዴ?» አለ የሚለው ለፍርድ ቤቱም ለቤተሰቡም ይጠቅማል።

ወደ ወንጀል ሕጉ እንምጣ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ልጆችን በዕድሜ ይከፍላቸዋል። 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በአንቀጽ 52 መሠረት በወንጀል አይጠየቅም። ቤተሰቡ፣ ትምህርት ቤቱ ወይም አሳዳጊው ተገቢውን እርምጃ ይወስዳል፣ በዚያው ያበቃል። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው በአንቀጽ 53 ሥር ይገባል። የአዋቂ ቅጣት አይፈረድበትም፤ ከአዋቂ እሥረኛ ጋርም አይቀላቀልም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ማረሚያ የገቡ ልጆች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ያዛል። ከ15 በላይ ሆኖ 18 ያልሞላው ደግሞ በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፤ ዳኛው ግን ቅጣቱን ሊያቀልለት፣ እንደ ነገሩ ሁኔታ ለወጣቶች የተደነገጉትን ቅጣቶች ሊመርጥለት ይችላል። ድርጊቱን ሲፈጽም 18 ዓመት ያልሞላው ሰው የሞት ቅጣት ሊፈረድበት አይችልም።

ለ13 ዓመቱ ልጅ ፍርድ ቤቱ ሊያዝ የሚችለው ከአንቀጽ 157 ጀምሮ ተጽፏል። ተግሣጽና ወቀሳ አለ። በቤት ወይም በትምህርት ቤት ተወስኖ እንዲቆይ ማድረግ አለ። በቁጥጥር ሥር ሆኖ እንዲማር፣ ሕመም ካለበት እንዲታከም፣ ከባድ ከሆነ የጠባይ ማረሚያ እንዲገባ ማዘዝ አለ። እሥራት የሚመጣው ለአዋቂ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እሥራት ወይም ሞት ለሚያስከትሉ በጣም ከባድ ወንጀሎች ነው። የባጃጅ መስታወትና የተሰፋ እጅ ከዚያ ሩቅ ናቸው። ዳኛው ከመወሰኑ በፊት ስለ ልጁ ጠባይ፣ ትምህርትና የቤት ሁኔታ ወላጆቹንና ትምህርት ቤቱን ሊጠይቅ ይችላል። ለዚህ ተዘጋጁ። የክፍል ኃላፊ መምህሩን ቀድማችሁ ብታነጋግሩ አይከፋም።

አንድ አስተያየት ጣል ላድርግ። 9 ዓመት ዝቅተኛ ነው። ጀርመን 14፣ እንግሊዝ ደግሞ 10 ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2019 አገሮች ቢያንስ 14 እንዲያደርጉት መክሯል። ከዚያም በላይ የሚከነክነኝ ግን ከ15 እስከ 18 ያለው ክፍተት ነው። የሕፃናት መብቶች ስምምነት ልጅ የሚለው 18 ዓመት ያልሞላውን ሁሉ ነው፤ አገራችንም ተቀብላዋለች። ለመምረጥና ለማግባት ገና ልጅ ነህ የምንለውን የ16 ዓመት ልጅ፣ ችሎት ፊት ሲቆም ወደ መደበኛው ሕግ እንወስደዋለን። ክርክርዎ ጉልበት የሚያገኘው እዚህ ነው። መብቱን በሙሉ ያልሰጠነውን ሰው ግዴታውን በሙሉ ልንጭንበት አንችልም። ለ13 ዓመቱ ልጅ ግን ሕጉ ራሱ አስቀድሞ ቀንሶለታል።

አሠራሩን ማወቅ ከሁሉም በላይ ይጠቅማችኋል። የ1954 ዓ.ም. የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 172 እንደሚለው፣ የተያዘ ልጅ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለው ወረዳ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። የሚያቀርበው ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ወላጅ ወይም ከሳሹ ራሱ ሊሆን ይችላል። እንደ አዋቂ ምርመራ ተጀምሮበት ጣቢያ ማደር የለበትም። ጉዳዩ ለሌላ ቀን ከተቀጠረ ፍርድ ቤቱ ልጁን ለወላጅ፣ ለአሳዳጊ ወይም ለዘመድ፣ እነሱ ከሌሉ ለሚታመን ሰው ይሰጠዋል። ችሎቱም ለሕዝብ ክፍት አይደለም፤ ጉዳዩ በዳኛው ጽሕፈት ቤት፣ ረጋ ባለ መንገድ ይታያል። አባቱ አብሮት ይቅረብ። ወላጅ ካልቀረበ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ሊያቆምለት ይገባል። ከዚህ ውጭ የሆነ ነገር ካያችሁ አንቀጹን ጠቅሳችሁ ጠይቁ። ልጁ ብቻውን ሆኖ ምንም ወረቀት ላይ እንዳይፈርም፣ የጣት አሻራም እንዳያደርግ።

ዕድሜውን በማስረጃ ያዙ። የልደት ምስክር ወረቀት ካለው ነገሩ ቀላል ነው። ግን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ ብዙ ልጅ ሲወለድ አልተመዘገበም። የክትባት ካርድ፣ የጥምቀት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ቤት መዝገብ ሰብስቡ። ምንም ከሌለ በሐኪም ግምት ይሠራል፤ ግምቱ ደግሞ በዓመት በሁለት ዓመት ሊሳሳት ይችላል። ለ13 ዓመት ልጅ የሁለት ዓመት ስህተት ትልቅ አደጋ ነው፣ ወደ 15ቱ ድንበር ይገፋዋል። የሚቆጠረው ዕድሜ ድንጋዩ በተወረወረበት ቀን የነበረው ነው።

አሁን ለወንድምዎ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከወንጀል ሕጉ በተለየ መንገድ ነው የሚሄደው። አንቀጽ 2030 ጥፋት መኖር አለመኖሩ የሚለካው የሰውየውን ዕድሜም ሆነ የአእምሮ ሁኔታ ከግምት ሳያስገባ ነው ይላል። አዎ፣ ለካሣ ጉዳይ ዝቅተኛ ዕድሜ የለም። አንድ የ8 ዓመት ልጅ አብሯቸው ቢወረውር ኖሮ በወንጀል አይጠየቅም ነበር፣ ካሣው ግን አይቀርም። ለሚከፍለውም መልሱ አንቀጽ 2124 ነው፦ አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ላደረሰው ጉዳት አባት ኃላፊ ነው። «እኔ አልወረወርኩም» ወይም «በደንብ አሳድጌዋለሁ» ማለት አያድነውም። አባት በሌለበት እናት ትተካለች። ልጁ ትምህርት ቤት ውስጥ ወይም ከቤት ውጭ ሌላ ሰው ጋ በነበረበት ጊዜ ከሆነ ደግሞ ኃላፊነቱ ወደ ተቋሙ ወይም ወደያዘው ሰው ይሄዳል። ጎንደር ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከገጠር መጥተው ዘመድ ቤት የሚማሩ ብዙ ልጆች አሉ። የወንድምዎ ልጅ ግን ከአባቱ ጋር ነው የሚኖረው ብዬ ነው የምመልሰው።

ካሣው የመስታወቱ ዋጋ ብቻ አይደለም። የሹፌሩ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ ባጃጁ ቆሞ የቀረበት ገቢ ሁሉ ይገባበታል። ሹፌሩና የባጃጁ ባለቤት የተለያዩ ሰዎች ከሆኑ ደግሞ ሁለት ጠያቂ አለ። የ16 ዓመቱ ልጅ ቤተሰብም በአንድነት ተጠያቂ ስለሆነ ሹፌሩ ሙሉውን ከአንዳችሁ ሊጠይቅ ይችላል። የከፈለው ወገን ከዚያ በኋላ ከሌላው ድርሻውን ይጠይቃል። አንቀጽ 2099 አጥፊው የድርጊቱን ክፋት ሊረዳ የማይችል ከነበረ ፍርድ ቤቱ በርትዕ፣ ማለትም ለፍትሐዊነት ሲል፣ ካሣውን እንዲቀንስ ይፈቅዳል፤ የሁለቱን ወገን የገንዘብ አቅምም ያያል። ለ13 ዓመት ልጅ ግን ብዙ ተስፋ አልጥልበትም። ያውቅ ነበር።

ግርፋቱ ለሹፌሩ ምንም አልመለሰለትም። መስታወቱ አሁንም ስብርባሪ ነው። የአባት የመገሠጽ ሥልጣን በሕግ የታወቀ ቢሆንም ልጅን መደብደብ ራሱ በወንጀል ሊያስጠይቅ እንደሚችል ወንድምዎ ይወቁ። በ1949 ዓ.ም. የነበረው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ለልጆች የግርፋት ቅጣት ነበረው። የ1996ቱ አውጥቶታል። መንግሥት የተወውን ዱላ አባት ማንሳት አለበት ብዬ አላምንም። ደግሞም ዱላ የቀመሰ ልጅ ሒሳቡን የዘጋ ይመስለዋል፤ የሹፌሩን እጅ ሳያይ ያልፋል።

እናትዎ ያሉት ሽምግልና ጥሩ ነው፣ ልኩን እስካወቃችሁ ድረስ። ሽማግሌ ካሣን ሊጨርስ ይችላል፣ ፍርድ ቤትም እርቅን አይጠላም። የወንጀሉ ጎን ግን ሁልጊዜ በቤተሰብ እጅ አይደለም። አንዳንድ ወንጀል ተበዳይ ካላመለከተ አይከሰስም፤ ቀላል የንብረት ጉዳት እዚህ ውስጥ ነው። የአካል ጉዳት ግን እንደ ክብደቱና እንደ ተጠቀሙበት መሣሪያ ሊለይ ይችላል። ስለዚህ የሐኪሙን ማስረጃ ሳታዩ «ታረቅን፣ አለቀ» አትበሉ። የእርቁን ቃል በጽሑፍ አድርጉ፤ ገንዘቡ ስንት እንደሆነ፣ ለማን እንደተከፈለ፣ ምን ምን እንደሚሸፍን ይጻፍበት። ሽማግሌዎቹና ሁለቱም ወገኖች ይፈርሙ፤ ስለ ልጁ አባቱ ይፈርም።

ምክሬ እንዲህ ነው። ወንድምዎ ዛሬ ነገ ሳይሉ ልጁን ይዘው ሹፌሩ ጋ ይሂዱ። ሹፌሩ ወደ ፖሊስ እንዳይሄድ መለመን ወይም ማስፈራራት አያስፈልግም፣ መብቱ ነው። የሕክምናውንና የመስታወቱን ደረሰኝ ይጠይቁ፣ ይክፈሉ ወይም የክፍያ ቀን ይቁረጡ። ልጁ ራሱ ይቅርታ ይጠይቅ። ከተከፈለው ላይ የተወሰነውን በቤት ውስጥ ሥራ እንዲያካክስ ማድረግ ይቻላል፤ ደመወዝ ወዳለበት ሥራ መስደድ ግን አይቻልም፣ በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ዝቅተኛው ዕድሜ 15 ነው። ጉዳዩ ፖሊስ ከደረሰ አትሽሹ፣ ልጁንም ወደ ገጠር አትደብቁት። ዕድሜውን የሚያስረዳውን ወረቀት ይዛችሁ ወረዳ ፍርድ ቤት ይቅረብ በሉ። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ከሌላችሁ ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥበት ቦታ ፈልጉ፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አንዱ መጠየቂያ ነው። ማንም ደግሞ፣ እናንተም ሆናችሁ የሹፌሩ ወገን፣ የልጁን ፎቶና ስም ፌስቡክ ወይም ቲክቶክ ላይ እንዳይለጥፍ።

ሁለት ቀነ ገደብ ልብ በሉ። በተበዳይ አቤቱታ ብቻ በሚከሰስ ወንጀል፣ አቤቱታው ተበዳዩ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። የካሣ ክስ ግን በመርሕ ደረጃ ጉዳቱ ከደረሰ 2 ዓመት ድረስ ይቆያል። ሹፌሩ ሦስት ወር ዝም ቢል የካሣው ዕዳ ተሰረዘ ማለት አይደለም።

ስለ 16 ዓመቱ ልጅ፦ ለሁለቱም አንድ ጠበቃ እንዳታቆሙ። አንደኛው «እሱ ነው የጀመረው» ሊል ይችላል፤ የአንዱ ጥቅም ከሌላው ጋር ይጋጫል። ለእሱም ቤተሰቦቹ የራሱን ሰው ይፈልጉለት፣ እሱ የሚቆምበት ችሎት የከበደ ነውና።